ጨጓራ ነው ያልኩባቸው ሳምንታት

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሐኪሟ ናት። "የሚበሉትንና የሚሰማዎትን በየቀኑ ይጻፉ፣ አባባ" አለችኝ። አባባ! አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሃያ አንድ ዓመት እሳት ውስጥ ስገባ ስወጣ አባባ ብሎ የጠራኝ የለም። እሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አስራ፣ አንዴ ነፍታ ስታስተነፍሰው አባባ ሆንኩ።

ዛሬ ጠዋት የእሳት አደጋ ጣቢያችን ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ አስራ አራታችንንም በሰልፍ መረመረችን። ደም፣ ሽንት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ወገብ። የወገብ መለኪያ ሜትሯ እኔ ጋ ስትደርስ አጠረች። "ይሄ ሜትር የልጆች ነው እንዴ?" ብላት ከምሰሶ በቀር የሳቀ የለም። ምሰሶ ከኔ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነው ምሰሶ የተባለው። እኔን ደግሞ ቦቴ ይሉኛል። ድሮ የውሃ ቦቴውን እነዳ ስለነበር ነው።

ከዚያ ሁላችንንም ቁጭ አድርጋ "በእናንተ ሥራ እሳት ከሚገድለው ልብ የሚገድለው ይበዛል" አለችን። "ቁጭ ብላችሁ ሻይ ስትጠጡ ደወል ይጮሃል፤ ልብ ሳያስበው ይጋልባል። ከባድ ልብስ፣ ሙቀት፣ ደረጃ። ያልተዘጋጀ ልብ እዚያው ይቆማል።" አለቃችን ከኋላዋ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ወዲያው አዋጁን አወጀ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ሁሉም ይፈተናል። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቱቦ ተሸክሞ የመለማመጃውን ማማ ስድስት ፎቅ መውጣት፤ ወርዶ ደግሞ ሰማንያ ኪሎ አሻንጉሊት ሠላሳ እርምጃ መጎተት። በስምንት ደቂቃ። ያቃተው ስልክ ክፍል ይገባል።

ስልክ ክፍል! የአደጋ ጥሪ የሚቀበሉበት፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው አረንጓዴ፣ ወንበሩ የሚንጫጫ። ሰው እዚያ የሚገባው ወይ እግሩ ሲሰበር ነው ወይ ጡረታ ሲጠብቅ።

የበላሁት፦ ሦስት እንቁላል፣ ሁለት ዳቦ፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ እንደገና ዳቦ። የተሰማኝ፦ ንዴት።

ማክሰኞ

ሐኪሟ ከመሄዷ በፊት ለብቻዬ የሰጠችኝ ወረቀት አለ። ሆስፒታል ሄጄ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ የሩጫ ማሽን ላይ ወጥቼ ልቤ እንዲታይ። "በዚህ ሳምንት" የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች። ጊዜ ሳገኝ እሄዳለሁ። ወረቀቱን እንዳይጠፋ ትርፍ ቦት ጫማዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ደግሞ አሰብኩት፤ ይህን ደብተር ሐኪሟ ብታየው ጉድ ይፈላል። ሌላ ደብተር ገዛሁ። በዚያኛው ላይ "ጠዋት፦ አጃ። ምሳ፦ ሰላጣ። እራት፦ ሰላጣ" እያልኩ የሳምንቱን ባንድ ቁጭታ ጨረስኩት፤ ያልደረሰውን ዓርብ ጭምር። ስጽፍ ራበኝና ዳቦ በቅቤ በላሁ። ይሄኛው የግሌ ነው። እውነቱ እዚህ ይሁን።

ሐሙስ

ባለቤቴ የሐሰቱን ደብተር አንብባዋለች።

"ሐኪሟ ምን አለችህ?"

"ደህና ነህ አለችኝ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰላጣ ምንድን ነው? አንተ ሰላጣ? ሳህን ላይ ሲመጣልህ ለጌጥ ነው ብለህ ወደ ዳር የምትገፋው ሰውዬ?"

"ጀምሬያለሁ።"

"ነገ ዓርብ ነው። የዓርቡን እራት ዛሬ በላኸው?"

ደብተሩን ከእጇ ወሰድኩ። "አንተ ሰው፣ ልብ ግዛ!" ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ልብ የት ይሸጣል?

ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ዛሬ ጠዋት ልሮጥ ወጣሁ። የቤት ልብስ ብለብስ ጎረቤት ይስቃል ብዬ የሥራ ሱሪዬንና ካናቴራዬን ለበስኩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ጥሩ ነበርኩ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ አየኝ። "ምን ተፈጠረ?" ብሎ ከነምላጩ ወጣ፤ ደንበኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተከተለው። ዳቦ ጋጋሪው ባልዲ ይዞ ከተፍ አለ። ለካ እሳት አጥፊ በጠዋት ሲሮጥ ያየ ሰው ስፖርት አይመስለውም።

"የት ነው?" ይላሉ።

"ምኑ?" ልል ፈልጌ ትንፋሽ አጠረኝ። እጄን አወናጭፌ "ምንም የለም፣ ግቡ" ልላቸው ስሞክር፣ እጄ ወደ ጠቆመበት ሁሉም ሮጠ። ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ባልዲ፣ አሸዋ፣ አንድ ብርድ ልብስ። አንዱ ለጣቢያው ደውሎ ኖሮ መኪናችን እየጮኸች ደረሰች። እኔ የመብራት ግንድ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ምሰሶ በመስኮት ብቅ አለና "ቦቴ፣ ምኑ ነው የተቃጠለው?" አለኝ።

"እኔ" አልኩት።

ደረቴን ጭብጥ አድርጎኝ ነበር። ጨጓራ ነው። ዳቦውን ቸኩዬ ነው የበላሁት።

ረቡዕ

ሁለት ጥሪ። መጋዘን። ብዙ ጭስ፣ የሞተ ሰው የለም። ደረጃም የለውም፤ ተመስገን። የአየር ሲሊንደሩን ከጀርባዬ ሳወርድ ደረቴ እንደገና። ሽንኩርት ነው። ጥሬ ሽንኩርት አይስማማኝም።

ሐሙስ

ዛሬ ሽንኩርት አልበላሁም። ቀበቶው ነው።

እሑድ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው። ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ስለ ሐኪሟ ሜትር እያነሳሁ አማረርኩ። "ወገቤ ሰፋ አለችኝኮ! ይሄን ሱሪ አስር ዓመት ለብሼዋለሁ። ያው ሱሪ፣ ያው ወገብ። ሱሪ አይዋሽም።"

ማሽኗን አቆመች።

"እስቲ አውልቀው።"

"እዚህ? በጠራራ ፀሐይ?"

"አውልቀው አልኩህ።"

ገልብጣ ዘረጋችው። ከውስጥ በኩል፣ ወገቡ ጀርባ ላይ፣ አራት ጥብጣብ ጨርቅ ተቀጣጥሎ ተሰፍቷል። በጣቷ እየነካች ቆጠረችልኝ። "ይሄ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ይሄ ልጃችን አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት። ይሄ የደረጃ እድገት ያገኘህ ጊዜ። ይሄ ባለፈው ዓመት፤ ጨርቁ አልቆብኝ ከመጋረጃው ቀድጄ ነው።"

መጋረጃውን አየሁት። እውነትም በአንድ በኩል አጥሯል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠበበኝም እያልክ ስትደሰት ሆዴ አልቻለም።" ክሯን በጥርሷ በጠሰች። "ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ ግን አላሰፋም።"

የምቀልድበት ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሱሪ የሌለው ሰው ምን ይቀልዳል?

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ከሥራ በኋላ ማንም ሳያየኝ አሻንጉሊቱን ለመጎተት ሞከርኩ። ሰማንያ ኪሎ፣ ጭንቅላት የለውም፣ ክንዱ ረጅም። ሙሽራው ብለነዋል፤ ሁልጊዜ ሰው ያጅበዋልና። አስራ ሁለት እርምጃ ጎተትኩት። ከዚያ ለአንድ አፍታ አጠገቡ ጋደም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ምሰሶ በላዬ ቆሟል።

"ከሁለታችሁ ተጎታቹ የቱ ነው?"

ሳቅሁ። ስስቅም አመመኝ።

ዓርብ

ከመኪናው ኋላ ምሰሶ ለሾፌሩ ሲናገር ሰማሁት። "ቦቴ ከፊቴ ደረጃ ሲወጣ የምፈራው እኔ ነኝ። ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል?"

ምናልባት መኪናውን ይሆናል ያለው።

ግን መኪና ደረጃ አይወጣም።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ሳምንት

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፤ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ ደወል። ባለ ስድስት ፎቅ መኖሪያ፣ ከአራተኛው ፎቅ መስኮት ጥቁር ጭስ። ሊፍቱ ቆሟል። ምሰሶ በመሰላል ወደ መስኮቱ፣ እኔ በደረጃው ሰው ላወርድ። አንደኛ ፎቅ ደህና። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ የራስ ቁሬን ያስተካከልኩ መስዬ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ግራ እጄ ከበደኝ። ቱቦው ነው አልኩ። ቱቦው ቀኝ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ያኔ አንዲት እናት ከላይ ወረዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ራሳቸውን በእርጥብ ፎጣ የጠመጠሙ፣ ኩምሽሽ ያሉ ቀጭን። በእጃቸው ከሰል የመሰለ ድስት አለ።

"እሳቱ ይሄውልህ" አሉኝ፤ ድስቱን አሳዩኝ። "በክዳን አፍኜ አጠፋሁት። አንተ ምን ሆነሃል?"

"ላወርድዎት ነው የመጣሁት፣ እማማ።"

"ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ። እኔ ለመታዘዝ አልወሰንኩም፤ ጉልበቴ ነው የታዘዘው።

"ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ጭሱ ነው።"

"ጭሱ ላይ ነው፤ አንተ ታች ነህ።" የልብሴን ቁልፎች አንድ ባንድ ፈቱ። ቁሬን አወለቁና እጃቸው ድስት ስለያዘ ራሳቸው ላይ ደፉት። ፎጣቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ፖስተኛ እንደነበሩ፣ ሰማንያ ስድስቱን ደረጃ በቀን አራቴ እንደሚወጡ ነገሩኝ። ሲሻለኝ ክንዴን ያዙ። ሦስት ፎቅ ሙሉ እሳቸውን ተደግፌ ወረድኩ።

በሩ ጋ ስንደርስ "አሁን ቀና በል፣ ሰው ያየናል" ብለው በክርናቸው ጎሰሙኝ። ቀና አልኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ጭብጨባ! ፉጨት! "ጀግና!" አንዱ ፎቶ አነሳን። እኔ እጅ ነሳሁ። ምን ላድርግ?

ሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ፎቶው አገር ምድሩን አዳርሷል። እኚያ እናት፣ እማማ ፖስታ ብያቸዋለሁ፣ የኔን ቁር ደፍተው፣ እኔ ባዶ ራሴን ክንዳቸውን ይዤ። ከሥሩ "የራሱን መከላከያ አውልቆ ለእናት ያለበሰው እሳት አጥፊ" ተብሏል። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ በነፃ ሰጠኝ። በላሁት። ዓይን አውጣ ነኝ።

አለቃችን ደስታውን አልቻለም። ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ የምስጋና ምስክር ወረቀት በሥነ ሥርዓት ይሰጠኛል። ሐኪሟም፣ እማማ ፖስታም ተጋብዘዋል።

ባለቤቴ ፎቶውን ረጅም ሰዓት አየችው። "የተደገፈው ማነው?" አለችኝ።

"ማዕዘኑ ነው" አልኳት።

ረቡዕ

እማማ ፖስታ ጣቢያ መጡ። የጣቢያው ልጆች ወንበር ሰጥተው ከበቧቸው፤ ቆይተው ብቻችንን ስንሆን ጠጋ አሉኝ።

"ሐኪም ዘንድ ሄድክ?"

"ጨጓራ ነው፣ እማማ።"

"ባለቤቴም ጨጓራ ነው ይል ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጨጓራው ገደለው።" ነጠላ ጫማቸውን አስተካከሉ። "ለቅዳሜው ንግግር አድርጊ ብለውኛል። እስከዚያ ከሄድክ ስለ ቁርህ እናገራለሁ። ካልሄድክ ስለ ደረጃው።"

ሃያ አንድ ዓመት ስሠራ ባወጣሁት ሰው ሲዛትብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ያወጣሁት ብዬ ጻፍኩ ደግሞ። ልማድ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ድረስ። ሰልፍ ነበር፤ ተመለስኩ።

ማታ። ሰልፉ ሦስት ሰው ነበር። አንደኛዋ ሕፃን ናት። ፈሪ! የሚነድ ቤት የምገባ ሰውዬ አንዲት ሽቦ ፈራሁ። የሚነደውን ቤት ስገባ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ እሳት ነው። እዚያ ማሽን ላይ ግን ምን እንደሚነግሩኝ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ።

ወረቀቱን ቦት ጫማው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የት ገባ?

ቅዳሜ

ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። ባለቤቴ ሸሚዜን ራሷ ተኩሳ አልብሳኝ ነበር፤ ኪሱን መታ መታ አድርጋ። እኔ ደግሞ የምስጋና ንግግሬን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ቀድሜ እዚያው ኪስ ከትቼ ነበር።

አለቃችን ስለ መስዋዕትነት ረጅም ነገር ተናገረ። ምስክር ወረቀቱን አንስቶ "ጀግናችን ይናገር" አለ። ተነሳሁ። እማማ ፖስታ ከፊት ረድፍ ድስት እንዳየ ድመት ዓይናቸውን ተክለውብኛል። ከኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ በከፍተኛ ድምፅ ማንበብ ጀመርኩ።

"ታካሚው፣ ዕድሜ አርባ ስድስት። የደም ግፊት፣ ከፍተኛ። ኮሌስትሮል፣ ከፍተኛ። ለልብ ምርመራ፣ በዚህ..."

የሐኪሟ ወረቀት ነው። ባለቤቴ ቦት ጫማዎቹን ስታናፍስ አግኝታው፣ የተጨማደደውን ተኩሳ፣ ከንግግሬ በላይ አስቀምጣዋለች። ቀና ብዬ አየኋት። ከመጨረሻው ረድፍ ቆማለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሐረቧን በሁለት እጇ ይዛ እያጠማዘዘች ነበር።

"በዚህ ሳምንት" ብዬ ጨረስኩት። "ይሄ የተጻፈው ከሰባት ሳምንት በፊት ነው።"

ከዚያ አፌ ራሱ ቀጠለ። "እማማን እኔ አላወረድኳቸውም። እሳቸው ናቸው ያወረዱኝ። ሦስት ፎቅ። ቁሩንም እኔ አልሰጠሁም፤ ተወሰደብኝ። እሳቱንም ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ በድስት ክዳን። ጨጓራም የለብኝም።"

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ከዚያ ግቢው በሙሉ። ምሰሶ ብቻ አልሳቀም፤ መጥቶ ወንበር ከኋላዬ አስጠጋልኝ። አለቃችን ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወዲህ ወዲያ ሲል እማማ ፖስታ ተነስተው ከእጁ ተቀበሉት። "ንግግሬን ወሰደብኝ፤ ወረቀቱን እኔ ልውሰድ" አሉ።

ሐኪሟ ግን አጠገቤ ተንበርክካ የእጄን ትርታ እየቆጠረች ነበር። "አሁን ያመዎታል?"

"ትንሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዳቦ ቤቱ።"

ሐሙስ፣ ከሆስፒታል

ሁለት የልብ የደም ሥሮቼ ጠበዋል፤ አንዱ ክር ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። በእጄ አንጓ በኩል ገብተው የሽቦ መረብ የመሰለች ትንሽ ቱቦ ከተውልኝ አሰፉት። ፈተናውን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያበቃልኝ ነበር አለችኝ ሐኪሟ። ደብተሩን ስትጠይቀኝ ሁለቱንም ሰጠኋት። የሰላጣውን ገልጣ ዘጋችው። ይሄኛውን ቆማ አነበበችው፤ ስለ ሩጫው ስትደርስ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "ከእንግዲህ ይሄኛውን ብቻ ይጻፉ" አለችኝ።

ባለቤቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካሮት እየላጠች ነው። አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለራሷ።

"ተናደድሽብኝ?"

"ብላ።"

በላሁ። ካሮት እንደ ካሮት ነው።

ሰኞ፣ አስረኛ ሳምንት

ስልክ ክፍል ገባሁ። ቢያንስ ለስድስት ወር። ግድግዳው አሁንም አረንጓዴ ነው። በየቀኑ በሐኪሟ ትእዛዝ አርባ ደቂቃ እራመዳለሁ፤ በቤት ልብስ። እማማ ፖስታ በሳምንት ሁለቴ አብረውኝ ይሄዳሉ፤ ይቀድሙኛል።

ፈተናውን ምሰሶ አንደኛ ወጥቶ አለፈ። ሁለት ሰዎች ሳይጨርሱ ቆሙና በዚያው ቀን ለምርመራ ተላኩ። ቦት ጫማ ውስጥ የገባ ወረቀት የለም አሉ።

ማክሰኞ፣ አስራ ሁለተኛ ሳምንት

ከምሳ በኋላ አለቃችን ስልክ ክፍል መጣ። በሩን ዘጋው። አለቃችን በር ዘግቶ አያውቅም፤ እንዲሰማለት ነው የሚፈልገው።

"ሥራ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ስማ፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ።"

"እሺ።"

"የኔ እኩያ ነው። ፎቅ ሲወጣ እዚህ ጋ..." እጁን ወደ ደረቱ ሰድዶ መሐል ላይ መለሰውና ክራቫቱን አስተካከለ። "እንደ ድንጋይ ይጫነዋል። ቁጭ ሲል ይተወዋል። ሥራ ይበዛበታል መሰለኝ።"

ይሄ ሰውዬ ያንን ፈተና ሰዓት ይዞ ሲፈትን እንጂ ሲፈተን ያየው የለም። ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። አላሳቀኝም።

"ለሚስቱ ነግሯታል?"

"አልነገርኳ... አልነገራትም።"

ስልኩን አንስቼ ለሐኪሟ ደወልኩ። አለቃችን በሩን አየ፣ እኔን አየ፤ ግን አልወጣም። ሐኪሟ አነሳች። አንድ ሰው እንዳለ፣ ደረቱን እንደሚጫነው፣ ዛሬ መታየት እንዳለበት ነገርኳት።

"ታካሚው ማነው?" አለች።

የስልኩን አፍ በመዳፌ ከድኜ አለቃዬን አየሁት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በዚህ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንኳን ትንፋሹን መቁጠር ይቻላል። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"እኔ ነኝ" አላት፤ ድምፁ ቀጥኖ። "አሁን ብመጣ ታዪኛለሽ?"

ተነሳሁና ወንበሬን ለቀቅኩለት።